ስድስቱ ጋኖች ስንት ይይዙ ነበር?
ቃና ዘገሊላና «ፈርኪን» የተባለው የጥንት መስፈሪያ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ጥር 12 ቀን የምታከብረው የቃና ዘገሊላ በዓል፣ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በገሊላ በምትገኘው በቃና በተደረገው ሠርግ ላይ ተገኝቶ ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ በመለወጥ የመጀመሪያውን ተአምር የገለጠበት ዕለት መታሰቢያ ነው። ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት ተአምሩ የተፈጸመው በየካቲት ወር ሲሆን፣ አባቶቻችን የውኃን በዓል ከውኃ በዓል ጋር ለማስተባበር ሲሉ በጥምቀት ማግስት እንዲከበር ሥርዓት ሠርተዋል። በዚህም የተነሣ ምእመናን ጥር 11 ቀን ጥምቀተ ባሕሩን አክብረው ሲያድሩ፣ በማግስቱ ደግሞ የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት በዝማሬና በእልልታ እያጀቡ የቃናን ሠርግ ያስባሉ።

በዚህ ዕለት በየዐውደ ምሕረቱ ስለ ጋብቻ ክቡርነትና ስለ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ሰፊ ትምህርት ይሰጣል። የሠርጉ ባለቤት ዶኪማስ የወይን ጠጅ አልቆበት ሊያፍር በተቃረበ ጊዜ እንዴት ከኀፍረት እንደዳነም ይተረካል። እኛ በዚህ ጽሑፋችን ከዚሁ ታሪክ ውስጥ ብዙዎቻችን ሳናስተውለው የምናልፈውን አንድ ጉዳይ ለማንሣት እንወዳለን። እርሱም የመጠን ጉዳይ ነው። ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ በምዕራፍ 2 ቁጥር 6 ላይ የጋኖቹን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሚይዙትን መጠን ጭምር ጽፎልናል። ይህን መጠን ልዩ ልዩ ሕዝቦች በየቋንቋቸው እንዴት እንደተረዱት ስንመረምር፣ በመንገዳችን ላይ ዛሬ ከብዙ ሰው አንደበት የጠፋ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እናገኛለን። ቃሉ «ፈርኪን» ይባላል።

(ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲረዱልን እናሳስባለን።)

ከሜትሬቴስ ወደ ፈርኪን

የዮሐንስ ወንጌል በተጻፈበት በግሪክኛ ቋንቋ መስፈሪያው «ሜትሬቴስ» ይባላል። ቃሉ መስፈር ወይም መለካት ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ ግሪኮች ወይንና ዘይት የሚሰፍሩበት ዋነኛ መለኪያቸው ነበር። አንዱ ሜትሬቴስ በዛሬው አቆጣጠር 39 ሊትር ያህል ይይዛል። የብሉይ ኪዳንን መጻሕፍት ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክኛ የተረጎሙት ሊቃውንትም፣ በ2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 4 ላይ ሰሎሞን ስላሠራው ትልቅ የናስ ገንዳ በሚናገረው ክፍል፣ «ባዶስ» የተባለውን የዕብራውያን መስፈሪያ በዚሁ በሜትሬቴስ ተክተውታል። በ1ኛው መቶ ዓመት የኖረው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ ዮሴፍም አንዱ ባዶስ 72 «ክሴስቴስ» እንደሚይዝ ጽፏል። ክሴስቴስ ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ትንሽ መስፈሪያ ነው። አንዱ ሜትሬቴስም እንዲሁ 72 ክሴስቴስ ስለሚይዝ ሁለቱ መስፈሪያዎች በመጠን የሚገናኙ ናቸው።

በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ አገር በጆን ዊክሊፍ ስም የሚጠራው ትርጉም ሲዘጋጅ፣ ተርጓሚዎቹ የተነሡት ከላቲኑ መጽሐፍ ነበር። በዚህ ቦታ ላይ ሲደርሱ የባዕዱን ቃል ሳይለውጡ እንዳለ አስቀሩት። ቃሉ ለተማረው ሰው ይገባው ይሆናል፤ በመንደሩ ለሚኖረው ገበሬና ለሚስቱ ግን ምንም የሚነግራቸው ነገር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ዊልያም ቲንደል የተባለው ምሁር ሐዲስ ኪዳንን በቀጥታ ከግሪክኛ ተርጉሞ በ1526 አሳተመ። የቲንደል ምኞት ሞፈር የሚይዘው የገበሬ ልጅ ሳይቀር መጽሐፍ ቅዱስን እንዲያውቅ ማድረግ እንደነበር በታሪኩ ተጽፏል። ስለሆነም በዮሐንስ ወንጌል የተጻፈውን መስፈሪያ ለመተርጎም ፊቱን ወደ መጻሕፍት ሳይሆን ወደ ገበያና ወደ ጓዳ አዞረ። በዚያም የእንግሊዝ ሰው በየቀኑ የሚያየውን ዕቃ አገኘ፤ ፈርኪንን። ቲንደል በዚሁ የትርጉም ሥራውና በእምነት አቋሙ ምክንያት ተይዞ በ1536 በዛሬዋ ቤልጅየም በቪልቮርድ ከተማ በሞት ተቀጥቷል። የመረጣቸው ብዙዎቹ ቃላት ግን ከእርሱ በኋላ ኖረዋል። በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ ተዘጋጅቶ በ1611 የታተመውና በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም እጅግ የታወቀው መጽሐፍ ቅዱስም በቃና ሠርግ ታሪክ ላይ ፈርኪን የሚለውን ቃል ተቀብሎ አጽንቶታል።

የበርሜል አራተኛ እጅ

ለመሆኑ ፈርኪን ምንድን ነው? ቃሉ የመጣው ከሆላንዶች ቋንቋ ሲሆን፣ ትርጉሙ «ትንሿ አራተኛ» እንደ ማለት ነው። የአንድ በርሜል አራተኛ እጅ የሚይዝ፣ ከሳንቃ ተገጣጥሞ በቀለበት የታሰረ ትንሽ የእንጨት በርሜል ነው። መስፈሪያው ለመጠጥ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ቅቤም በፈርኪን እየታሸገ ይሸጥ ነበር፤ የቅቤው ፈርኪን 56 ፓውንድ ወይም 25 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር።

ይሁን እንጂ የፈርኪን መጠን በሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት አልነበረም። እንግሊዞች ከጥንት ጀምሮ ይጠምቁት የነበረው «ኤል» የተባለው መጠጥ፣ እንደ እኛ ጌሾ ምሬት የሚሰጠው ሆፕ የተባለ ተክል የማይገባበት ነበር። ሆፕ የሚገባበት ቢራ ከባሕር ማዶ ከሆላንዶች አገር ከገባ በኋላ ሁለቱ መጠጦች በልዩ ልዩ በርሜል ይሰፈሩ ጀመር። በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን በ1531 የወጣው ሕግ የኤል በርሜል 32 ጋሎን፣ የቢራ በርሜል ደግሞ 36 ጋሎን እንዲሆን ደነገገ። በዚህ መሠረት የኤሉ ፈርኪን 8 ጋሎን፣ የቢራው ፈርኪን 9 ጋሎን ሆነ። ይህም በዛሬው መለኪያ የመጀመሪያው 37 ሊትር፣ ሁለተኛው ከ41 እስከ 42 ሊትር መሆኑ ነው። የግሪኩ ሜትሬቴስ 39 ሊትር ያህል መሆኑን ስናስታውስ፣ የቲንደል ምርጫ ምን ያህል የተቃረበ እንደነበር እንረዳለን። መስፈሪያው በሁለቱ የእንግሊዝ ፈርኪኖች መካከል ይወድቃልና።

ከዚህም በላይ የሚያስገርም ነገር አለ። በ1824 በወጣው ሕግ የእንግሊዝ ጋሎን ለሁሉም ፈሳሽ አንድ ከሆነ በኋላ፣ ባለ 9 ጋሎኑ ፈርኪን 72 «ፓይንት» ይይዛል። ዮሴፍ የጻፈው የዕብራውያኑ ባዶስም 72 ክሴስቴስ ነው። ሁለቱ ትንንሽ መስፈሪያዎች ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጡ መሆናቸው ደግሞ መቀራረቡን ያጠነክረዋል። ይህ ታስቦ የተደረገ ሳይሆን፣ የሰው ልጅ በአንድ ጊዜ የሚጠጣውና የሚሸከመው መጠን በየአገሩ የተቀራረበ በመሆኑ የመጣ ይመስለናል።

ዘመን ሲለወጥ ግን ዕቃውም ቃሉም ከቤት ወጣ። ቅቤ በወረቀትና በቆርቆሮ መታሸግ ጀመረ፤ ውኃ በቧንቧ፣ መጠጥ በጠርሙስ ሆነ። ፈርኪን ዛሬ የሚኖረው በጥንቱ ልማድ ቢራ በሚጠምቁ እንግሊዛውያን ጓዳ ውስጥ፣ የባለ 9 ጋሎን በርሜል መጠሪያ ሆኖ ብቻ ነው። የቀረው የእንግሊዝኛ አንባቢ ቃሉን በቃና ታሪክ ላይ ሲያገኘው መዝገበ ቃላት መግለጥ ግድ ይሆንበታል። ለገበሬው ልጅ እንዲገባው ተብሎ የተመረጠው ቃል፣ ዛሬ ለተማረውም ሰው እንግዳ ሆኖ ይገኛል።

ይህን የተረዱት የአሜሪካ ተርጓሚዎች በ1946 ባሳተሙት ሐዲስ ኪዳን ፈርኪንን ትተው በጋኖቹ እያንዳንዳቸው 20 ወይም 30 ጋሎን ይገባ እንደነበር ጻፉ። ሆኖም ይኸም ቢሆን ከችግር ነጻ አይደለም። የአሜሪካ ጋሎን 3.8 ሊትር ያህል ሲሆን የእንግሊዝ ጋሎን ግን 4.5 ሊትር ነው። ስማቸው አንድ፣ ይዘታቸው ሁለት ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ወተትና ቤንዚን በጋሎን ሲሸጥ እያዩ ስለሚያድጉ፣ ይህን ትርጉም ሲያነቡ የጋኖቹ ትልቅነት ወዲያው ይታያቸዋል። የእንግሊዝ ጋሎን የለመደ አንባቢ ግን ከተጻፈው አብልጦ ሊገምት ይችላል።

የስሌቱ ትምህርት

እንግዲህ ጠቅላላውን ድምር እንመልከት። ጋኖቹ 6 ናቸው። እያንዳንዳቸው 2 ወይም 3 ሜትሬቴስ ቢይዙ፣ በአንዱ ጋን ከ78 እስከ 117 ሊትር ይገባል ማለት ነው። የስድስቱ ድምር ከ12 እስከ 18 ሜትሬቴስ፣ በሊትር ደግሞ ከ470 እስከ 700 ያህል ይሆናል። በዛሬው የቤታችን ዕቃ ብንሰፍረው፣ ከ23 እስከ 35 የሚደርሱ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችን የሚሞላ ነው።

ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ያስተምረናል። የመጀመሪያው የስጦታው ብዛት ነው። የወይን ጠጁ ያለቀው ሠርጉ ከተጀመረ በኋላ ነውና፣ የጎደለውን ለመሙላት ጥቂት ማድጋ ይበቃ ነበር። ጌታችን የሰጠው ግን ለጊዜው ችግር የሚበቃውን ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱንም እንግዳውንም አጥግቦ የሚተርፍ ነው። ወንጌላዊው መጠኑን ጠንቅቆ የጻፈው ይህ በረከት ለአንባቢው በዓይን እንዲታየው ይመስላል። መስፈሪያው የማይገባው አንባቢ ተአምሩን ያምናል፤ ነገር ግን ስፋቱን አያየውም። አንድ የመስፈሪያ ቃል ሲሞት የሚጎድለው እንግዲህ ይህ ነው።

ሁለተኛው የአገልጋዮቹ ድካም ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስድስቱ ጋኖች ባዶ ከነበሩ፣ አገልጋዮቹ እስከ ሰባት ኩንታል የሚደርስ ውኃ ተሸክመዋል ማለት ነው። በዚያ ዘመን በቃና ቧንቧ አልነበረም፤ ውኃው ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ ተቀድቶ በትከሻና በራስ የሚመጣ ነው። እንግዳው ተቀምጦ ሲጫወት እነርሱ ይመላለሱ ነበር። የጠየቀው የወይን ጠጅ ሆኖ ሳለ ውኃ ሙሉ ሲባሉ ለምን ሳይሉ ታዘዙ፤ ያውም እስከ አፉ ድረስ ሞሉት። በዚህም የተነሣ የወይን ጠጁ ከየት እንደመጣ የድግሱ አሳዳሪ ሳያውቅ እነርሱ ለማወቅ በቁ። ወንጌሉ ስማቸውን አልጻፈም፤ ዕውቀቱን ግን ለእነርሱ ሰጥቷቸዋል። አበው «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚሉት እንዲህ ላለው ነው።

በገጠሩም ሆነ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የከተማ መንደሮች የሚኖሩ እናቶችና እኅቶች ይህን የሸክም ታሪክ ከማንም በተሻለ ያውቁታል። ሙሽሮቹ በሚዘፈንላቸው፣ እንግዳው በሚስተናገድበት ቤት ሁሉ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ ያመላለሰች፣ ጋን ያጠነች፣ ጠላ የጠመቀች፣ እንጀራ የጋገረች ሴት አለች። ጥር የሠርግ ወር እንደመሆኑ፣ የቃናን በዓል ስናከብር እነዚህን ስማቸው የማይጠራ አገልጋዮች ማሰብና ሸክማቸውን መጋራት የበዓሉ አንዱ ምግባር ሊሆን ይገባል እንላለን።

ጋኖቹ ለምን ከድንጋይ ሆኑ?

ወንጌሉ ጋኖቹ የድንጋይ መሆናቸውንና ለአይሁድ የመንጻት ሥርዓት የተቀመጡ መሆናቸውን ይናገራል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እንደተጻፈው፣ የረከሰ ነገር የነካው የሸክላ ዕቃ መሰበር ነበረበት። የአይሁድ መምህራን ግን የድንጋይ ዕቃ ርኩሰትን አይቀበልም ብለው ያስተምሩ ስለነበር፣ ለመታጠቢያ የሚሆን ውኃ በድንጋይ ጋን ማስቀመጥ በዚያ ዘመን ተለምዶ ነበር።

የመሬት ቁፋሮ ጥናትም ይህንኑ ያረጋግጣል። ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲያጠፉ በተቃጠሉት ቤቶች ፍርስራሽ ውስጥ፣ ከአንድ ወጥ የኖራ ድንጋይ የተፈለፈሉ ታላላቅ ጋኖች ተገኝተዋል። በገሊላም በናዝሬት አቅራቢያ በምትገኘው በሬይና፣ በሮማውያን ዘመን የድንጋይ ዕቃ ይሠራበት የነበረ ዋሻ መገኘቱን የእስራኤል የጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን በ2017 ይፋ አድርጓል። ቦታው ብዙዎች የወንጌሉ ቃና ናት ከሚሏት ከካፍር ካና ሩቅ አይደለም። ይህ ሁሉ ወንጌላዊው የጻፈው የአገሩን ኑሮ ጠንቅቆ በማወቅ መሆኑን ያስረዳል።

ጋንና እንስራ

በእኛ አገርስ ነገሩ እንዴት ሆነ? በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዕቃውን «ጋን»፣ መስፈሪያውን ደግሞ «እንስራ» ብሎታል። የአገራችን ተርጓሚዎችም ልክ እንደ ቲንደል መስፈሪያውን የፈለጉት በሕዝቡ ጓዳ ውስጥ ነው። በእርግጥ እንስራ በሊትር ተወስኖ የሚሠራ ዕቃ አይደለም፤ መጠኑ እንደ ሸክላ ሠሪዋ እጅና እንደ አካባቢው ልማድ ይለያያል። ነገር ግን እናቶቻችን ውኃ ቀድተው በጀርባቸው የሚያዝሉት እንስራ፣ ጠላ የሚጠመቅበት ደግሞ ጋን መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ አንዱን ጋን ለመሙላት ሁለትና ሦስት እንስራ እንደሚገለበጥበት ሲሰማ ምንም ማብራሪያ አያሻውም። ድካሙም በረከቱም አብሮ ይታየዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ላይ ስለ ዘይት ዕዳ በሚናገረው ምሳሌም፣ ለባዶስ የተመረጠው «ማድጋ» የሚለው የቤታችን ቃል ነው።

ዳሩ ግን ፈርኪንን ያገኘው ዕጣ እንስራንም እየተከተለው ነው። በከተሞቻችን የእንስራን ቦታ ጀሪካን፣ የጋንን ቦታ የፕላስቲክ በርሜል ወስዶታል። ሸክሙ ለቀለለላት እናት ይህ እፎይታ ነውና አንቃወመውም። ነገር ግን እንስራን በዓይኑ ያላየ ልጅ የቃናን ታሪክ ሲያነብ፣ ቃሉ እንደ ባዕድ ቃል ሊሆንበት ነው። ጉንዶ፣ ቅምጫና፣ ዳውላና ላዳን የሚባሉት የአባቶቻችን መስፈሪያዎችም ከብዙዎቻችን አንደበት ርቀዋል። ሪቻርድ ፓንክረስት እነዚህን የኢትዮጵያ መስፈሪያዎችና ሚዛኖች በሚመለከት ሰፊ ጥናት ከ1969 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባያወጡ ኖሮ፣ ብዙው ነገር ሳይመዘገብ በቀረ ነበር።

በሰፈሩት ቁና

መስፈሪያ ቃል ብቻ ሳይሆን በሻጭና በገዢ መካከል ያለ ቃል ኪዳንም ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ላይ እግዚአብሔር ሕዝቡን እውነተኛ ሚዛንና እውነተኛ መስፈሪያ እንዲኖራቸው አዝዟል። በእንግሊዝም በ1215 መኳንንቱ ንጉሥ ጆንን በማኅተሙ ባስጸደቁት በታላቁ የመብት ሰነድ ውስጥ፣ ወይን ጠጅና ኤል እህልም በመላው አገር በአንድ መስፈሪያ እንዲሰፈሩ የሚያዝ አንቀጽ ይገኛል። የፈርኪንን መጠን በሕግ መወሰን ያስፈለገውም፣ በጎደለ በርሜል ድሀው እንዳይበደል ነበር።

የእኛም አበው «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ብለዋል። በዓል በመጣ ቁጥር ቅቤው ከባዕድ ነገር ሲቀላቀል፣ ማሩ በስኳር ሲበረዝ፣ የዘይቱና የእህሉ ልክ ሲጎድል የሚያዝነው ጥሪቱን አራግፎ ለልጆቹ በዓል ሊያደርግ ገበያ የወጣው ወገን ነው። በቃና አገልጋዮቹ ጋኖቹን እስከ አፋቸው ድረስ ሞሉ እንጂ አላጎደሉም። የክርስቲያን መስፈሪያም እንዲሁ ሙሉ ሊሆን ይገባዋል።

ስለዚህ ክቡራን አንባብያን፣ በዚህ የቃና ዘገሊላ በዓል ቤተሰቡ በማዕድ ዙሪያ ሲሰበሰብ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው እንስራ ምን ያህል እንደሚይዝ፣ እንዴት እንደሚታዘል፣ ጋን ለድግስ እንዴት እንደሚታጠን እንዲያጫውቷቸው እናሳስባለን። በቤት ውስጥ እንስራ ያለው ለልጆቹ ያሳያቸው፤ የሌለው የጀሪካኑን ቁጥር ያስቆጥራቸው። ቃሉን ከነትርጉሙ የተረከበ ልጅ፣ ወንጌሉ ሲነበብ በስድስቱ ጋኖች አፍ ላይ የደረሰውን ውኃ አብሮ ያያልና።

በቃና ሠርግ ተገኝቶ የጎደለውን የሞላ አምላካችን የሁላችንንም ቤት በበረከቱ ይሙላልን። መልካም የቃና ዘገሊላ በዓል።